የጨው ሚዛን

አምስት ቃል ሰጠችኝ ዶክተር ኦያርዙን፣
በየተራ ጠርታ፣ ቀስ አድርጋ አንድ አንዱን፤
"ኋላ እጠይቅሻለሁ፣ እስከዚያ ያዢልኝ"
ብላ እንደ ሰው ገንዘብ አደራ ጣለችብኝ።

እኔ ደግሞ የሰው አደራ በልቼ አላውቅም።
ሃያ ሁለት ዓመት ከአታካማ ጨው ሜዳ በር፣
መኪና ስመዝን ከሚዛኑ ዳር፣
ታርጋውን ከነሹፌሩ፣
ባዶ ክብደቱን ከነቁጥሩ፣
በቃሌ ይዤ ነበር የማድር።
መዝገቡ ለደንብ ነው እንጂ መዝገቡስ እኔ ነበርኩ፤
ኮምፒዩተር ሲሞት ሰልፉን በራሴ አሳለፍኩ።

የሚዛን ሥራ ቀላል ነው፦
ሲገባ ባዶውን፣ ሲወጣ ከነጭነቱ፣
ልዩነቱ ጨው ነው፣ እሱ ነው እውነቱ።

ያው ጨው ነው እንግዲህ፣ ባሕር ተሻግሮ፣
ፋብሪካ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ተሰባብሮ፣
ክኒን መስሎ ወደኔው የዞረ፣
ጠዋት አንድ፣ ማታ ሁለት፣ ጉሮሮዬ ላይ ያደረ።
ሊቲየም ይሉታል። እኔ ጨው ነው የምለው።
"ለራስህ ስትል ጣፍጥ" እያልኩ ነው የምውጠው።

ከሱ በፊት ያ ዓመት ነበር፣
እንቅልፍ የሚሉት ነገር ከቤቴ የሸሸበት፣
የማውቀው ሁሉ እንደ ችቦ የበራበት።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሹፌሮቹን ደውዬ ቀሰቀስኳቸው፣
ከአሥር ዓመት በፊት የጫኑትን ኪሎ በኪሎ ነገርኳቸው።
አንዱ አለቀሰ አሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ጣሪያው።
ጣሪያውን የማውቀው ከኖልቪያ አፍ ነው፤
እህቴ ስትተርክ ነው፣ እኔ እማኝ አይደለሁ፣
የራሴን ታሪክ እንደ ሐሜት እሰማለሁ።
አንድ ቦታ ስትደርስ ምራቋን ትውጥና
"ሌላው ይቅር" ትላለች፣ ድስቷን ታማስልና።
ተከትሎ የመጣው ሐምሌ ጭራሽ የለኝም፤
ፊቴን ወደ ግድግዳ፣ ያ ወር እኔን አያውቀኝም።

አሁን ከፍታውም ጉድጓዱም ርቋል፤ ደኅና ነኝ ይባላል።
ደኅና ሰው ግን ለምን ጋዙን ለኩሶ ይረሳል?
ለምን አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ያነባል?
ሐሳቤ እንደ ጭነት መኪና ዳገት ላይ ያቃስታል።
ባለፈው ማንኪያ ጠፋብኝ፣ ዕቃው ሳይሆን ስሙ።
"የሾርባ አካፋ አቀብለኝ" አልኩት ማይኮልን፤
የእህቴ ልጅ ሳቀ፣ ሳቅሁ፣ ቤቱም ሳቀልን።
ዛሬ እነሱም አካፋ ነው የሚሉት።
እኔ ግን ማታ፣ ሳህን ሳጥብ፣ አለቀስኩበት።

"ከበሽታው ነው?" አልኳት ሐኪሟን፣
"ከጨዉ? ወይስ ከሃምሳ ስድስት ዓመቴ?"
"ከሦስቱም ይሆናል" አለች። "ትንሽ ብንቀንሰውስ?"
መሬት መሬት አየች ኖልቪያ፣ እህቴ።
ጣሪያው ትዝ ብሏት ነው።
እኔም ዝም አልኩ። በልቤ ግን ሚዛን ላይ ቆምኩ፦
ሕመሙን ቀንሼ፣ ክኒኑን ቀንሼ፣
ዕድሜዬን አራግፌ፣ በመጣሁበት በር ተመልሼ፣
ባዶ ክብደቴ ስንት ነው?
የመኪናውን ሁሉ አውቅ ነበር።
የኔን ማንም አልመዘገበው።

"በይ እስኪ፣ አምስቱን ቃላት" አለችኝ።
ድልድይ አልኩ። ሎሚ። ጥጥ።
ከዚያ ወዲያ ነጭ ሜዳ፣ ዓይን የሚያጥበረብር፣
ጎማ ያልረገጠው፣ ዳር የሌለው ምድር።
"ልንገርሽ?"
"ተዪኝ፣ እኔው አመጣቸዋለሁ፤
አደራ አልበላሁም፣ ቀን ስጪኝ፣ እከፍላለሁ።"

በአንቶፋጋስታ ዳገት አውቶቡሱ ሲያዘግም፣
ባሕሩን ቁልቁል እያየሁ ጠበቅኋቸው፤ አልመጡም።
ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት ካለፈ፣ ከእንቅልፌ ብንን አልኩ፣
መብራት ሳላበራ ለኖልቪያ ደወልኩ።
"ረቡዕ!" አልኳት። "ረቡዕ ነበር!"
ዝም አለች።
የሌሊት ስልክ ትፈራለች፣ ያንን ዓመት ታስባለች፤
ትንፋሼን አዳመጠች፣ ፍጥነቱን ለካች፤
ቆይታ፣ በቀስታ፣ "ሐሙስ ገብቷል፣ ተኚ" አለች።

ተኛሁ።
አንድ ቀረኝ።